መኪናዋ የታመመችበት ጎረቤቴ

መኪና እያላቸው በታክሲ የሚመላለሱ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን ለማጥናት ብዬ ጠዋት ጠዋት ከኋላው እሰለፋለሁ።

ጎረቤቴ ጌቱ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው የታክሲ ሰልፍ ላይ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ይቆማል። «ለዛሬ ብቻ ነው፤ መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች» ይላል። ይህን እያለ ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ። አብረውን የሚሰለፉት ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ተሻላት ልጄ? እህል ትቀምሳለች?» ይሉታል። ሰልፉ ይስቃል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ጌቱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ያቺው መኪና ድና፣ ታጥባ አብረቅርቃ በሰልፋችን ፊት በቀስታ አለፈች። ጌቱ ክላክስ አደረገልን እንጂ አንዳችንንም አልጫነም። ብቻውን የመሄድ ክብር ናፍቆት የለ?

ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያችን ከመኪናው ጎን ቆመ። እትዬ ዘይነባ አንድ ጨዋታ ጣል አድርገው ሁላችንም በሳቅ ፈርሰናል። ጌቱ ትንሽ አየንና መስኮቱን አውርዶ ጮኸ፦

«እትዬ ዘይነባ! ምን ተባለ?»

«ነገ ሰልፍ ላይ እነግርሃለሁ!»

በማግስቱ ቀድሞኝ ተሰልፎ አገኘሁት።

«መኪናዋስ?» አልኩት።

«ደህና ናት» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እትዬ ዘይነባን ይፈልግ ነበር።