መቋሚያ የሌለው አይወርድም

እኛ አገር “ሞልቷል” የሚለውን ቃል የሚያምን ሰው የለም። ሚኒባሱ ሞልቷል ሲባል አንድ እግር የሚያሳርፍ ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የሰርጉ ዳስ ሞልቷል ሲባል ምሰሶው ሥር ጠጋ ጠጋ ይባልና ሦስት ሰው ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ቢሞላ ደጀ ሰላሙ አለ፤ ደጀ ሰላሙ ቢሞላ የወይራው ጥላ አለ፤ ጥላውም ቢሞላ ፀሐዩ ማንንም ከልክሎ አያውቅም። ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቁ የግንባታ ጥበብ “ጠጋ በሉ” የሚለው ይመስለኛል።

ሰሞኑን ስልኬን ስጎረጉር አንድ ክርክር አነበብኩ። በሰለጠነው ዓለም ሰፋፊ የመዝናኛ ስፍራዎች አሉ፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ ከተራራ እንደ ድንጋይ የሚወረወር ባቡር፣ የውሃ መንሸራተቻ ያለባቸው። የሚጎርፈው ሰው ስለበዛ በቀን የሚገባው ቁጥር ይገደብ ወይስ አይገደብ እያሉ ይሟገታሉ። አንዱ ልጆቼ ሩቅ አገር አቋርጠው መጥተው ከበር ለምን ይመለሳሉ ይላል፤ ሌላው ገብተው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላይ ከሚውሉ ቢመለሱ ይሻላል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የገረመኝ ክርክሩ አይደለም። “ይገደብ” ያለው ሰው ከሥራው አለመባረሩ ነው።

እኔ ተባርሬያለሁ።

እንግዲህ ከጀመርኩት ልጨርሰው። ከጋይንት ወደ ስማዳ ስትሄዱ ደጋው በድንገት የሚቆረጥበት ገደል አለ። ከገደሉ አፍ ላይ የመልአኩ ቤተ ክርስቲያን፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ደግሞ ከአለት የሚፈልቅ ጠበል ይገኛል። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ትመጣላችሁ። ጠበሉ የበግ ጅራት ያህል እንኳ አይወፍርም። የሚወስደው መንገድ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ አንዱ ሲወርድ የሚወጣው ጀርባውን ለአለቱ ሰጥቶ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። ድሮ የሚወርዱት የአካባቢው ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኋላ አንድ ሰው አንዲት ሽባ ስትነሳ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀውና አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ መጣ።

እኔ ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ተምሬ ወጥቼ፣ ስሙ ይቆየንና በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ፤ ሰው ስለበዛ ምን እናድርግ ተባለ። ተነስቼ የማውቀውን ተናገርኩ። መንገዱ የሚችለው ልክ አለ፤ ከልኩ በላይ በአንድ ቀን አይውረድ፤ ሰው ቢወድቅ የሚደርስለት እንዲኖርም አንድ ቦታ ሁልጊዜ ክፍት ይቆይ አልኩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ አዱኛ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

“ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ ተምሮ መጥቶ የመልአኩን ምሕረት በኮታ ሊያድለን ነው” አሉ። “ስኳር መስሎታል።”

ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኮታው ሆነ። ሳቁ በዚያ ቢቆም ደግ ነበር፤ ግን ወደ ላይ አቤቱታ ወጣ፣ ባለሙያው ሃይማኖት ይነካል ተባለ፣ እኔም ከሥራዬ ተነሳሁ። በቦታዬ የተተካው የአያ አዱኛ የእህት ልጅ ነው። ለአባቴ፣ እሱ ታች ጋይንት ገጠር ነው የሚኖረው፣ “መዋቅር ተቀየረና ወጣሁ” አልኩት። የመልአኩን ጠበል ተቃወመ ተባለ ብዬ ምን አንጀት አለኝና እነግረዋለሁ። ዛሬ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዲግሪዬ ላሚኔሽን እንደምንሠራ ማሳያ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የንግሥ ቀን አንዲት የስማዳ ሴት ወደቀች። ለታመመ ባሏ ጠበል በጀሪካን ቀድታ ስትወጣ ነው፤ የሚወርደው ሕዝብ ከላይ ገፋ፣ የሚወጣው የሚጠጋበት አጣ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ለወግ ማጣፈጫ ግን አላደርገውም። ለቅሶዋ ላይ ተገኝቼ ነበር። ያልኩት ደረሰ ብዬ ደስ ይለኛል ብላችሁ ከሆነ፣ አላለኝም። እንዲህ ያለ እውነት አፍ ውስጥ እንደ እሬት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በሚቀጥለው ሰንበት አያ አዱኛ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው “ከእንግዲህ የሚወርደው ሰው በልክ ይሁን” ብለው አወጁ። እልል ተባለ። እኔ ስናገረው ክህደት የነበረው እሳቸው ሲናገሩት ሥርዓት ሆነ።

ልኩ የሚጠበቅበት ዘዴ ግን የሚደነቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መቋሚያዎች ከዕቃ ቤት ወጥተው ደጁ ላይ ተደረደሩ። የሚወርድ ሰው አንድ መቋሚያ ይወስዳል፤ ለገደሉም ምርኩዝ ይሆነዋል፤ ሲወጣ ይመልሳል። መቋሚያ የሌለው አይወርድም። አንዱ ብቻ ለማንም አይሰጥም፤ ከታች ሰው ቢወድቅ ረዳት የሚወርድበት ነው። ይህችኛዋ ሐሳብ ከማን እንደተወሰደች ታውቃላችሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲታሰብ አንድ ነገር ተረሳ። እዚህ አገር መቋሚያ የሌለው ቤት የለም። በሳምንቱ ሕዝቡ የየቤቱን መቋሚያ ይዞ ከተፍ አለ። “መቋሚያ የሌለው አይወርድም አላችሁ፤ ይኸው አለን።” ማን ይመልሳቸው? የደጁ መቋሚያ እንዲለይ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረበት። በሚቀጥለው አርብ ገበያ ቀይ ጨርቅ ጠፋ። በመጨረሻ በጋለ ብረት መስቀል ተተኮሰበትና ነገሩ ረጋ፤ በእሳት የተጻፈን የሚያስመስል ደፋር ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ገብስና ባቄላ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ንፋስ መውጫ መጥተው ስለነበር ከገጠር አመጣሁት። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ።

“መጀመሪያ ጠበሉ ይንካኝ” አለ። “መልአኩን ሳላስፈቅድ ቢላ አልቀበልም።”

ብለምነው፣ ብቆጣው፣ አስታራቂ ባስገባ አልሆነም። ሐኪሞቹ የሚሠሩት እስከ ማግስቱ ነበር። ያን ቀን ጠበሉ ካልነካው አባቴ ቀሪ ዘመኑን በጨለማ ሊኖር ነው። ይዤው ሄድኩ።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳና አርፍደን ደረስን። መቋሚያው ሁሉ ወርዷል። ደጁ ላይ፣ ያቺን የረዳት መቋሚያ ከጉልበታቸው መሐል አቁመው የተቀመጡት አያ አዱኛ ነበሩ።

“ደህና ዋሉ፣ አያ አዱኛ” አልኩ። በኛ ወግ አባትን አንተ፣ ጠላትን አንቱ ማለት አለ።

ቀና ብለው ትንሽ አስተዋሉኝ። “ኮታው ነህ? ሽበት ወረረህ እኮ።”

“እርስዎን አልነካዎትም።”

“ምን ይነካኛል፤ ተኝቼ አድራለሁ።” ከዚያ አባቴን አዩት። “መቋሚያ አልቋል። የወረዱት ሲወጡ በተራ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ስለሚመጣ እንዘጋለን። ካልደረሳችሁ ለነገ።”

የሐኪሞቹን ነገር ነገርኳቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ።

“ምን ላርግልህ፤ ሥርዓት ነው” አሉ። “ሥርዓቱን ደግሞ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።”

ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንት ዘመን ስጠብቃት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። ሐሳቡ የኔ እንደነበር በሰው ፊት እንዲመሰክሩልኝ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ይኸው መሰከሩልኝ። የመሰከሩልኝ ሊመልሱኝ ነው።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። “ምን አሉ?” አለኝ።

“ሞልቷል አሉ።”

“የመልአክ ደጅ ይሞላል እንዴ? እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው ማነው፣ ልጄ?”

አያ አዱኛን ሳል ያዛቸው። እኔ ገደሉን አየሁ።

“እንጃ” አልኩ።

ተቀመጥን። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ከፊታችን የቀሩት አንዲት የእስቴ ሴትና አሮጊት እናቷ ብቻ ሆኑ። እናትየዋ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው በየትንፋሹ ያስላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተቃረበ፤ ከታች የሚወጣ ጠፋ፤ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ መሳብ ጀመረ። አያ አዱኛ ሰማዩን አይተው “በቃ፣ ዛሬ አይሆንም” አሉ።

ተነስቼ ሄድኩና ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። “አያ አዱኛ፣ እባክዎ።” ለዚህ ሰው ይህን ቃል ላልናገር ምዬ ነበር።

“ያለችኝ ይህች ናት” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ከታች ሰው ቢወድቅ በምን ይደረስለታል?”

“አላውቅም።”

“ስብሰባው ላይ እንዲህ አላልክም።”

“አላልኩም።”

አባቴን አሻግረው አዩት። ከዚያ መቋሚያዋን ከጉልበታቸው መሐል አንስተው ሰጡኝ። “ስለ ሽማግሌው ነው። ስላንተ አይደለም።”

የእስቴዋ ሴት አየች። “አያ፣ ተራው የኛ ነበር” አለች።

“ነገ ማልደሽ ነይ፣ ልጄ።”

“የኔ እናት ነገን ማየቷን ማን ያውቃል?” ከዚያ ወደኔ ዞረች። “ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ትመስላለህ። ይህ ልክ ነው?”

ስለ ተራ፣ ስለ ልክ፣ ስለ ፍትሕ የማውቀው ብዙ ነው። ብጠየቅ ግማሽ ቀን አስተምራለሁ። የአባቴን ክንድ ይዤ አለፍኳት።

አባቴ አያይምና ብቻውን ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ በአንዲት መቋሚያ ሁለት ሆነን ወረድን። ልኩ በአንድ ጊዜ ሁለቴ ተጣሰ፤ የጣሰውም ያወጣው ሰው ነው። ያቺ የስማዳ ሴት የወደቀችበት ጠርዝ ላይ ስንደርስ ከታች የሚወጡ ሰዎች ገጠሙን። መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው አለቱ ላይ ተለጠፉልን። ከእግሬ ሥር ኮረት ተንሸራቶ ወደ ጉሙ ገባ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም። ከላይ ደጁ ላይ አንዲትም መቋሚያ እንደሌለ ከሁሉም አብልጬ የማውቅ እኔ ነበርኩ። አባቴ ግን መዝሙረ ዳዊቱን በቃሉ እያለ፣ የእርሻውን ድንበር እንደሚዞር ሰው ተረጋግቶ ይራመድ ነበር።

ጠበሉ ፊቱን ነካው። ማንም አልወደቀም። ወጣን።

ደጁ ላይ ስንደርስ አባቴ “መቋሚያውን የሰጠኝ ሰው የታለ?” አለ። እጁን ይዤ አያ አዱኛ ፊት አቆምኩት። ከእሳቸው አባቴ በዕድሜ ይበልጣልና ጎንበስ አሉለት። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ መመረቅ ጀመረ። የጋይንት ሽማግሌ ሲመርቅ በአጠገቡ የቆመ ሁሉ አሜን ይላል፤ ዝም የሚል ምርቃቱን እንደ ረገመ ይቆጠራል።

“ዘርህ ይባረክ።”

“አሜን” አልን።

“ወንበርህ አይነቅነቅ።”

ያ ወንበር እንዳይነቀነቅ የማን ወንበር እንደተነቀነቀ አባቴ አያውቅም። “አሜን” አልኩ።

“በሐሰት የሚከስህ አይነሳብህ።”

አያ አዱኛ አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። ፊታቸውን ለማየት ብዙ ሞከርኩ፤ አላሳዩኝም። “አሜን” አልኩ። ከሁላችን ጎልቶ የተሰማው ግን እያሳሉ የሚሉት የእስቴዋ አሮጊት አሜን ነበር።

በማግስቱ አባቴን ዓይኑን ሠሩለት። አሁን ያያል፤ በግራ ዓይኑማ ከኔ ይበልጣል። ንፋስ መውጫ በመጣ ቁጥር “ወደዚያ ደግ ሰው ውሰደኝና ፊቱን ልየው” እያለ ይነዘንዘኛል። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። የእስቴዋ እናት ግን በማግስቱ ወረዱ ወይ አልወረዱ፣ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እችል ነበር።

ኮፒ ሊያደርጉ የሚመጡ ወጣቶች አንዳንዴ ስልካቸው ላይ ያን የመዝናኛ ስፍራ ክርክር አንብበው “ኮታው፣ ያንተስ ሐሳብ ምንድነው፤ ይገደብ ወይስ አይገደብ?” ይሉኛል። የተማርኩትንም፣ ያየሁትንም፣ የቀበርናትንም ሴት አስታውሼ እውነተኛ መልሴን እነግራቸዋለሁ።

ይገደብ። ከአባቴ በኋላ።