እትዬ አስረሳሽ ቧንቧ የዘጉ ዕለት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉ፣ በየግቢው አንዲት የውሃ ዘበኛ ትኖራለች። ማንም አልሾማትም፣ ደመወዝ የላትም፣ ጡረታም አትወጣም። አገር ሲተኛ እሷ ትነቃለች፤ አገር ሲነቃ እሷ ያጠራቀመችውን ይጠጣል። እናንተም ታውቋታላችሁ። «ውሃ መጣች!» ብላ ስትጣራ ከአልጋችሁ ዘላችሁ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ባልዲ ፍለጋ የተራወጣችሁበትን ቀን አትረሱትም።

ወንደሰን የተከራየበት ግቢ ዘበኛ ክብርት ወይዘሮ አስረሳሽ ይባላሉ። እሱ ከደብረ ብርሃን ወደ አሶሳ የተመደበ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ እሳቸው የቤቱ ባለቤት፣ የግቢው የበላይ፣ የቧንቧው ሙሉ ባለሥልጣን ናቸው። ሥራውን የነገራቸው ቀን ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ «እንዲህ በለኛ! ለካ የምታጠፋት አንተ ነህ» አሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ በዘገየች ቁጥር የእሱ በር ይንኳኳል።

እትዬ አስረሳሽ ባዶ ዕቃ ሲያዩ ያማቸዋል። በርሜሉና ጄሪካኑ ሞልቶ ውሃው ገና ካልሄደ ወደ ድስት ያልፋሉ፤ ድስት ሲያልቅ ወደ ፔርሙዝ፣ ከፔርሙዝ ወደ ተከራይ ንብረት። መምህር ለገሰ የተባለው ሌላው ተከራይ አንድ ጧት ረፍዶበት እየሮጠ ወጣና፣ መስኮቱ ላይ ያኖረውን የሞተር ሄልሜት አንስቶ አናቱ ላይ ቢደፋው እስከ ካልሲው ራሰ። «ማነው እዚህ ውስጥ ውሃ የሞላው?» ብሎ ቢጮህ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ አገኘሁት» አሉት። ይባስ ብለው ውሃውን ስለደፋው ተቆጡት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉት፤ ይህቺ የንግግራቸው ሁሉ ማሰሪያ ናት።

ጆሯቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውሃው ከመድረሱ በፊት ቧንቧ ውስጥ የታመቀው አየር ሲተነፍስ ይሰሙታል። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠው የሟች ደግነት ሲወሳ ድንገት ጣታቸውን ቀሰሩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። «መጣች» አሉ በሹክሹክታ። ለቀስተኛው ተያየ፤ አንዱ ብድግ አለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ወዲያው ድንኳኑ ውስጥ ከሟች ፎቶግራፍ በቀር ማንም አልቀረም። ወንደሰንም ከሯጮቹ አንዱ ነበር። ግቢው ሲደርስ ቧንቧው ገና ማፏጨት እየጀመረ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ከሰው ልጅ ጋር ተፈጥሮ ያውቃል ብሎ አላሰበም፤ እውነቱን ለመናገር ፈራቸው።

እንደሳቸው ጆሮ ላልታደለ ሰው ዘዴ አላቸው። የግቢው ቧንቧ አይዘጋም። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ከሥሩም የቆርቆሮ ሳህን ተደፍቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍበት ኳ ትላለች፣ ግቢው ይነቃል። ይህን ዘዴ ከተማው ሁሉ ይጠቀምበታል። እሳቸውን ከጠየቃችሁ ለከተማው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩም ሰው አይክድም። ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ እንኳ ከምርቃቱ ጋር «ቧንቧሽን ክፍት ተዪው» ይሏታል።

ንፉግ ናቸው የሚል ካለ ግን አያውቃቸውም። ጋራው ወገብ ላይ በቅርቡ የበቀለ፣ ላይኛው ሰፈር የሚባል አለ፤ ከኩርሙክም ከቶንጎም የመጣው ሰው ቤት የሠራበት። ቧንቧ ተዘርግቶለታል፣ ቆጣሪም ተተክሎለታል፤ ውሃ ግን ወጥቶለት አያውቅም። ከዚያ ነዕማ የምትባል የከርከዴ አበባ ነጋዴ ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ባዶ ጄሪካን ይዛ ትወርዳለች። እትዬ አስረሳሽ አንድም ቀን ባዶዋን መልሰዋት አያውቁም። ጄሪካኑን እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን በእጃቸው አጥብቀው፣ «በይ ቀስ ብለሽ ውጪ» ይሏታል። ከዓይናቸው እስክትሰወር ድረስም ወደ ቤት አይገቡም።

ወንደሰን ቀን ከሌት የሚያስበው ይህንኑ ላይኛውን ሰፈር ነበር። የእሱ ሥራ እንግዳ ሥራ ነው፤ ገና ያልተወለደ ሰው ስንት ይጠጣል ብሎ ማስላት። ከተማዋ በዓይኑ ፊት ትሰፋለች፤ ትናንት ማሽላ የነበረበት ዛሬ ቤት ነው። እሱና ባልደረቦቹ ያቀዱት አዳዲስ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ በጋራው አናት ላይ አንድ ትልቅ የኮንክሪት ጋን፣ ከዚያም ፈረቃ የማያውቅ ውሃ ነበር። ጋኑ ተሠርቶ ባዶውን ሳለ ወንደሰን አንድ ቀን ብቻውን ወርዶ መሀሉ ላይ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር ድምፁ ዞሮ ዞሮ ተመለሰለት። ከዚህ የሚጠጡት ገና ስም ያልወጣላቸው ሕፃናት ናቸው ብሎ ሲያስብ እንባው መጣ። የሚያየው ስላልነበረ አላፈረም።

የሙከራው ሳምንት መጋቢት ላይ ዋለ፤ ምድሩ ሁሉ በደረቀበት ወቅት። ነገሩ ግልጽ ነበር። ጋኑ ውሃ ከያዘና ውሃው ላይኛው ሰፈር ከደረሰ ፈረቃ ይቀራል። ካልያዘ ከተማው ወደ ፈረቃው ይመለሳል፣ ላይኛው ሰፈርም ሌላ ዕቅድ እስኪወጣ ድረስ በጄሪካን ይኖራል።

ጧት ቫልቩ ተከፈተ፤ ከሰዓት በኋላ ጋኑ ባዶ ሆነ። በነጋታውም እንዲሁ። ወንደሰን የፈነዳ መስመር ፍለጋ ከተማዋን በእግሩ አካለላት። የፈነዳ ነገር አላገኘም። ያገኘው ከየቀርከሃ አጥሩ ሥር እየሾለከ የሚወርድ ውሃና በመጋቢት ፀሐይ ጭቃ የሆነ መንገድ ነው። ግራ ገብቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ በርሜሉ ሞልቶ ይፈሳል፣ ድስቱ ሞልቶ ይፈሳል፣ የለገሰ ሄልሜት ሳይቀር ሞልቶ ይፈሳል። ቧንቧው እንደተከፈተ ነው። ያን ጊዜ ገባው። ከተማው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ እየጠበቀ ነው፤ ውሃው መጥቶም እየጠበቀ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ማህጁብ በሚባል ልጅ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፣ «ውድ ነዋሪዎች፣ ቧንቧችሁን ዝጉ!» እያስባለ አዞረ። ነገሩን አባሰው። ዝጉ ከተባለ ውሃ ሊጠፋ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ያልሞላ ሁሉ እየሮጠ ሁለተኛ ቧንቧ ከፈተ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው።

ወንደሰን ያለው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር። እትዬ አስረሳሽ ዘንድ ሄደ።

«እትዬ፣ ቧንቧውን ይዝጉልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ይዝጉት። ከእንግዲህ ውሃው አይሄድም።»

ሳቁበት። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋና ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። «ስማ ወንዴ፣ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ምንጭ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔም አይደርቅም ያለን ሰው ነበረ፤ እንዳንተው የተማረ። በሰባ ሰባት ፓዌ ስንሰፍር ውሃው ሩቅ ነበር። ታናሽ እህቴን አስተኝቼ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፤ ስመለስ አልፋለች። ወባ ነው አሉኝ። እኔ ጥም ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ጥም ይመስለኛል።»

የወንደሰን ጋን፣ ጉድጓዱ፣ የዓመታት ድካሙ ሁሉ ከእኚህ ሴት ሐዘን ፊት ቆሞ ነበር፤ ደግሞ ሐዘኑ እውነት ነው። ነዕማ ጄሪካኗን ይዛ፣ ላብ አጥምቋት የገባችው ያን ጊዜ ነው። ግቢው ውስጥ የሚፈሰውን አየች።

«ያ ሰላም! እማማ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ!» አለች፣ ገና በምትለምደው አማርኛ። «እኛ ጋ ቧንቧ ሳል ብቻ ነው። ይስላል፣ ይስላል፣ አይመጣም።»

ወንደሰን ባይናገር ይመርጥ ነበር። ተናገረ። «እትዬ፣ የእሷ ውሃ ይኸው ነው፤ መሬት ላይ የሚፈሰው። እዚህ ታች የተከፈተው ሁሉ ካልተዘጋ ወደ እነሱ ጉልበት አግኝቶ አይደርስም።»

እትዬ አስረሳሽ ጭቃውን አዩ። ነዕማን አዩ። ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ሕፃን ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ተነስተው የቧንቧውን እጀታ ያዙ። አልዞር አለ፤ ለዓመታት ክፍት ኖሮ ዝጓል። «ያውልህ፣ እሱም እምቢ አለ» አሉ። ለገሰ ፒንሳ አመጣ። ወንደሰን ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ፣ «ተው፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ» ብለው ነጠቁት። እያማጡ አዞሩት። ውሃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ያንን የባጃጅ ልጅ ጥራልኝ» አሉ።

ማህጁብ መጣ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀመጡና ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። «አስረሳሽ ነኝ» አሉ። «ዘግቻለሁ።» ሌላ አልጨመሩም። በየመንገዱ ይህንኑ ብቻ እየደጋገሙ ዞሩ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያያቸው ጀመር። አንዳንዱ ጆሮውን አላምን ብሎ ግቢያቸው ድረስ መጥቶ፣ የተዘጋውን ቧንቧ በእጁ ነክቶ ሄደ። ሼህ ሀይደር የሚባሉ አረጋዊ ባለሱቅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዳመጡና፣ «ወላሂ፣ አስረሳሽ ከዘጋ ወይ ቂያማ ነው፣ ወይ ውሃ እውነት ነው» አሉ። ገብተው የራሳቸውን ዘጉ።

ወንደሰን በዚያን ሰዓት ጋራው አናት ላይ፣ የጋኑን ክዳን ከፍቶ አጎንብሶ ነበር። ይወርድ የነበረው ውሃ ተግ አለ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑ እስኪጠራጠር ድረስ ቀስ ብሎ፣ መነሣት ጀመረ። እታች ቆርቆሮ ጣሪያና የማንጎ ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው። ከየጣሪያው ሥር ግን አንድ እጅ ቧንቧ እየዘጋ ነው፤ ፊቱን የማያውቀው ሰው፣ ውሃ ስንት ጊዜ የከዳው ሰው፣ ነገም ይኖራል ብሎ እየዘጋ ነው። ወንደሰን ብዙ ነገር አስልቶ ያውቃል፤ ይህን ግን አላሰላውም፤ ሊያሰላውም አይችልም ነበር። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ጉድ! ጉድ!» አለ።

በማግስቱ ወንደሰንና እትዬ አስረሳሽ ላይኛው ሰፈር ወጡ። የነዕማ ደጃፍ በጎረቤት ተሞልቷል። ቧንቧው ሳለ፣ ተነፈሰ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እልልታው ቀለጠ። ነዕማ ጄሪካኗን ሞላች፣ ባልዲውን ሞላች፣ የሰው ዕቃ ሳይቀር ሞላች፤ ሲፈስም ዝም ብላ ታያለች።

«ዝጊው እንጂ» አላት ወንደሰን።

«አይዘጋም!» አለች፤ ፍርሃት ፊቷ ላይ ይታያል። «ከተዘጋ ይሄዳል። እኔ ተኝቶ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይሰማም።»

እትዬ አስረሳሽ አልተቆጧትም፣ አልተረቱባትም። እጇን ይዘው እጀታው ላይ አኖሩት፣ የእሳቸውን ከላይ ደረቡበት፣ አብረው ዘጉት። ትንሽ ቆዩ። «አሁን ክፈቺ» አሉ። ከፈተች። መጣ። ዘጉት። ደግሞ ከፈቱት። ደግሞ መጣ። ነዕማ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «አየሽ? ተኝተሽ ብታድሪም አለ» አሏት።

ወንደሰን እንቅልፍ የሚሰጥ ሌላ ቤት ሊፈልግ አስቦ ከርሞ ነበር። እዚያው ቆሞ ሐሳቡን ተወው። እኚህን ሴት እንደ እናቱ እንደሚወዳቸው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሕፃኗ በጩኸቱ ነቅታ ከእናቷ ጀርባ ላይ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች። እትዬ አስረሳሽ በመዳፋቸው ቀዱና አጠጧት። ጨረሰች። ደግሞ ቀዱላት።