ትናንትን ከበር የመለሰው ፎርም

በዘመነ ሣልሳዊ ሥራ አስኪያጅ፣ ሊፍቱ በቆመ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የገበያ ልማት ክፍል መዝጋቢ፣ ጽንዕተ ትዕግሥት፣ ማኅደረ ወረቀት የተባለችው እመቤት በጠላቷ ላይ ተነሣች። የጠላቷም ስም «እግረ መንገዴን» ነበር፤ የፖስተርና የብሮሸር ጥያቄ ሁሉ በኮሪደር፣ በደረጃ፣ በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ሳይቀር በቃል ይወርድባት፣ እርሷም ወረቀት ስታጣ በመዳፏ ላይ ትጽፈው ነበርና።

ስለዚህም በየማታው ትዘገይ ነበር፤ ጉልበታቸውን ለመታሸት ክሊኒክ የሚመላለሱት እናቷም ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥተው፣ እርሷ መጥታ እስክትወስዳቸው ከክሊኒኩ ዘበኛ ጎን በወንበር ተቀምጠው ያመሹ ነበር። ከማምሸታቸው ብዛት የተነሣ ገቢው ሕዝብ መታወቂያውን ለእርሳቸው ማሳየት ጀመረ፤ ዘበኛውም «ምክትሌ» ብሎ ሾማቸው። መዝጋቢዋ አንድ ማታ እናቷን የሰው ቦርሳ ሲፈትሹ አግኝታ «እንግዲህ በቃ!» አለች።

ሦስት ቀንም በወንበሯ ጸንታ የኮምፒዩተር ፎርም ሠራች፤ የተሞላውም ጥያቄ የሰው እጅ ሳይነካው ተራ ቁጥር ይዞ ወደ ዳታቤዝ እንዲገባ አደረገች። ዓይኑ የቀላ ዲዛይነር፣ ነጠላ ሰረዝ የሚጠላ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ የካሜራው ክዳን የጠፋበት ፎቶ አንሺ አጀቧ ሆኑ። የክፍሉ ኃላፊም ፈርሞ ዐዋጅ አስለጠፈ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በኮሪደር የተነገረ ሥራ እንዳልተነገረ ይቆጠር፤ እግረ መንገዱን የመጣ እግረ መንገዱን ይመለስ፤ ፎርም ያልሞላ፣ እኔም ብሆን፣ ፖስተር አያምረው!»

ሕግን ከሚያወጣት አስቀድሞ የሚረሳት የለምና፣ በሳምንቱ ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኃላፊው ራሱ ስለ አንድ ፖስተር በቃል ሊናገር መጣ። እርሷም በጣቷ ዐዋጁን አሳየችው፤ እርሱም አፍሮ ከፎርሙ ፊት ተቀመጠ፤ «ለመቼ ይፈለጋል?» ለሚለውም እንደ ልማዱ የትናንትን ቀን ሞላ። ፎርሙም «ያለፈ ቀን አልቀበልም» ብሎ በቀይ መለሰው፤ ደገመ፣ መለሰው፤ ሦስተኛም ሚስማር እንደሚመታ ሰው ቁልፉን መታ፣ መለሰው። መዝጋቢዋም እንደ ጥንቱ ልትጽፍለት እጇን ወደ እስክሪብቶ ዘረጋች፤ ነገር ግን የእናቷን ወንበር አስባ፣ እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። ኃላፊውም ተንፍሶ የመጪውን ሰኞ ሞላ፤ ጥያቄውም አርባ አንደኛ ሆኖ ገባ።

ልክ ዐሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ከክሊኒኩ በር ደረሰች። እናቷም በገቢውና በወጪው ፊት ዐወጁ፦

«ልጄ በሰዓቷ መጥታለች! ሹመቴን ለቅቄአለሁ፤ ዘበኛው ብቻውን ይቻለው፤ ያ ባለ ጥቁር ቦርሳ ግን ሳይፈተሽ እንዳያልፍ!»

ኃያላን ከተማ ከበቡ፣ ቅጥርም አፈረሱ፤ ትናንትን ግን ከበር የመለሰ ከእርሷ በቀር ማን ተገኘ? ስሟ በተራ ቁጥር አንድ ይመዝገብ፤ ምስጋናዋም፣ እርሱ ብቻ፣ ያለ ፎርም ይግባ።