ማቀዝቀዣ በር ላይ የተረፈችው ጠብታ

በኮንዶሚኒየም ኑሮ መድኃኒት የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ታማሚው ግማሹን ይወስዳል፤ የተረፈው ማቀዝቀዣ በር ላይ ቆሞ የጎረቤትን ሕመም ይጠብቃል። እናንተም ቤት አይጠፋም። ሄዳችሁ እዩ።

የኔዋ የዓይን ጠብታ ነበረች፤ ለአለርጂ ታዝዛልኝ የተረፈች።

አንድ ቅዳሜ፣ ቡልቡላ የብሎካችንን ግቢ ስናጸዳ፣ የአጥሩን ተክል ይከረክሙ የነበሩት ጋሽ ሽመልስ ዓይን ውስጥ ስንጣሪ ገባ። ጋሽ ሽመልስ ጎሮ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከበብናቸው። አንዱ እፍ አለባቸው። እትዬ አልማዝ የነጠላቸውን ጫፍ አሹለው መጡ። እኔ፣ የተማርኩት፣ ሁለቱንም ገሥጬ ጠብታዬን አምጥቼ ሰጠኋቸው።

በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "ዶክተሬ!" ይሉኝ ጀመር። አላረምኳቸውም። በቆረቆራቸው ቁጥር ጠብ ያደርጓት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የዓይናቸው ጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ጉርድ ሾላ፣ ዓይን ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ አደንዝዛ፣ በማጉያ እያየች፣ ከፀጉር የቀጠነ እንጨት በመርፌ አወጣች። ተክል ዓይን ሲወጋ ፈንገስ ይዞ ሊገባ ይችላል አለች፤ ይህቺ ጠብታ ቅላቱን ትደብቃለች፣ ፈንገሱን ግን ታፋፋዋለች። ሦስት ሳምንት ስንቀልበው ከርመናል።

"ማነው ይህን ያዘዘልዎት?"

አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

"ራሴ ገዝቼ ነው" አሉ ጋሽ ሽመልስ።

በየሰዓቱ የፈንገስ ማጥፊያ ጠብታ፣ ከዚያ ወራት። ፈንገሱ ሞተ፤ ጠባሳው ቀረ። በዚያ ዓይን የሚያዩት ሰው ከላስቲክ መጋረጃ ጀርባ እንደሚያልፍ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሮ እየሄድኩ ለሳምንት የሚበቃቸው መርፌ ላይ ክር አስገባላቸዋለሁ። "ዶክተሬ፣ ጥቁሩን ክር እንዳትረሳ" ይሉኛል። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ብሎኩ ግን ታሪኩን እስከ ሁለተኛው ቀን ብቻ ነው የያዘው። የቀረውን በእርጅና አሳበበ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አልማዝ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘው በሬን አንኳኩ። ምስር ሲያበጥሩ ገለባ ገብቶባቸዋል።

"ያቺ ሽመልስን ያዳነችው ጠብታህ አለች?"

አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፈንገሱን። ጠባሳውን። የሰጠኋቸው እኔ መሆኔን። ጠብታዋን ጥያታለሁ፣ አሁኑኑ ክሊኒክ ልውሰድዎት አልኳቸው።



"መጀመሪያ ላይ ግን ለቆት ነበር፣ አይደል?" አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረዱ።

እዚያም ማቀዝቀዣ አለ።