አሥራ አንድ ጊዜ የሞቱት አፈ ጉባኤ

በዚህ አገር ድንጋይ አስቀማጭ የሌለው ከተማ የለም። ውሃ የሌለው አለ፤ መብራት የሌለው አለ፤ ሐኪም የሌለውማ ሞልቷል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ፣ ከዚያ በሬ ወደታረደበት ድንኳን የሚያመራ ሰው ግን የትም አይታጣም። ሕንፃው የት ደረሰ ብላችሁ እንዳትጠይቁት። እሱ የመሠረት ሰው ነው፤ ጣሪያ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ከሮቤ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ይህን ማዕረግ የያዙት የምክር ቤቱ ክቡር አፈ ጉባኤ ኦቦ ቦሩ ነበሩ። ጊዜው ግንባሩ በሥልጣን ላይ የነበረበት፣ በስብሰባ ላይ ከ«ልማት» ሌላ ቃል የማይሰማበት ጊዜ ነው። ኦቦ ቦሩ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ነጎድጓድ የሆነ፣ ለማንም ክፉ የማያስቡ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ቀድመው ይደርሳሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ጠፍ መሬት ሲያዩ አያስችላቸውም። «ድንጋዩ ይቀመጥ እንጂ ሕንፃው መንገዱን ያውቃል» ይላሉ።

ሕንፃው ግን መንገዱን አያውቅም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ድንጋይ ተቀመጠ። የስታዲየም አለ፤ የመናኸሪያ አለ፤ የቄራ አለ። አንዱማ የሕዝብ ሽንት ቤት ነው፤ ለእሱም የማርሽ ባንድ ከጎባ ድረስ መጥቶለታል። የስታዲየሙን ድንጋይ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው ያስቀመጡት፤ በመጀመሪያው ጊዜ ካሜራው ባትሪ ጨርሶ ነበር።

ድንጋዮቹ እስከ ወገብ የሚደርሱ የሲሚንቶ ቋሚዎች ናቸው፤ በየግንባራቸው እብነ በረድ ተለጥፎባቸዋል። የኦቦ ቦሩ ስምና ቀኑ በእብነ በረዱ ላይ ተቀርጿል። ቀራጩ የሚያስከፍለው በፊደል ስለሆነ ግን የፕሮጀክቱ ስም በቀለም ተጻፈ። የባሌ ዝናብ ደግሞ ለቀለም አይራራም። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ስታዲየሙም ቄራውም ታጥቦ ሄደ፤ የቀረው «ቦሩ» የሚል ስምና አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ከሳነቴ ተራራ በኩል ጉም ሲወርድ ድንጋዮቹ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላሉ። ከብት በመካከላቸው አይግጥም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ጁሀራ በዚያ ሜዳ ማለፍ አትወድም ነበር። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በሰፈሯና በትምህርት ቤቱ መካከል በሚወርደው ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ። ባለፈው ክረምት ሽቶ የምትባል ጎረቤቷን ከገበያ ስትመለስ ጎርፍ ወስዷታል፤ ያገኟት በሦስተኛው ቀን ነው። የጁሀራ ልጅ ኢህሳን በዚያው መሻገሪያ በቀን ሁለቴ ትመላለሳለች።

ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። ሐሙስ ዕለት ምክር ቤቱ ሊወስን ነው፤ ወይ ድልድዩ፣ ወይ ኦቦ ቦሩ የሚያልሙት ባለ ሁለት ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ። ገንዘቡ ከአዳራሹ መሠረት እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ እብነ በረዱ ግን ከወዲሁ ታዟል። አባላቱ ደግሞ ኦቦ ቦሩ እጅ ሲያወጡ አብሮ ማውጣት ልማዳቸው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ የተመዘገበው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ እሱም መምህር ፀጋዬ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲንጠራራ የተቆጠረበት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጉሙ እስከ ቢሮው በር ድረስ ገብቶ ነበር። ባላ በትር የያዙ፣ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ወደ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ አንዲት አሮጊት ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ገቡ።

«ኢንተላ ኮ» አሏት ጁሀራን፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው። ቤተሰቡን አሳዪኝ።»

«የማንን ቤተሰብ፣ እማማ?»

«የቦሩን ነዋ። ትናንት ሜዳው ላይ ነው ያረፍነው። ከእኛ መካከል ፊደል የቆጠረው አነበበልን፤ በአሥራ አንዱም ላይ ቦሩ ነው የሚለው፣ ቀኑ ግን የየራሱ ነው። ያ ረቢ! ምን ያለ ሰው ቢሆን ነው አሥራ አንድ ጊዜ የሞተው? ለእያንዳንዱ ፋቲሓ ቀርተን ዱዓ አድርገንለታል።»

ኦቦ ቦሩ ከውስጠኛው ክፍል ሰምተው እየሳቁ ወጡ። «ቦሩ እኔ ነኝ፣ እማማ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

አሮጊቷ የተዘረጋውን እጅ አልጨበጡም። ፊታቸውን አዩ፤ ወረድ ብለው ጫማቸውን አዩ። ከዚያም ለበሽተኛ በሚናገሩበት ዝግ ያለ ድምፅ «ማንም አልነገረህም እንዴ?» አሉ።

 ኦቦ ቦሩ ካፖርታቸውን አነሱና «ጁሀራ፣ ነይ እስቲ» ብለው ወጡ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ነው። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ተጓዦች መዳፋቸውን ዘርግተው በድንጋዮቹ መካከል ቆመዋል፤ ፊታቸው በጉሙ አይለይም። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋሉ። «ለቦሩ እዘንለት። ሳይጨርሰው ለሄደው ሥራ ሁሉ ይቅር በለው።»

«አሚን» የሚል ድምፅ ከጁሀራ ጎን ተሰማ። ኦቦ ቦሩ ነበሩ። ያ የታወቀው ነጎድጓድ አይደለም፤ ከታች፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። 

እሳቸው ወደ አንዱ ድንጋይ ጠጋ አሉ። አናቱ ላይ እርጥብ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ስማቸውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ የምን ነበር?»

ጁሀራ ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ አሰበች፣ አሰበች፣ አልመጣላትም። «አላስታውስም፣ ኦቦ ቦሩ።»

«እኔም» አሉ።

ጁሀራ ድንጋዮቹን መቁጠር የጀመረችው ፍርሃቷን ለመርሳት ነው። አሥራ ሁለት ሆነባት። አሥራ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ጉሙ ገባ። ተጓዥ ነው፣ ከተጓዦቹ አንዱ ነው አለች ለራሷ፤ ደግማ ግን አልቆጠረችም።

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ቦሩ አጀንዳውን እንኳ ሳያነቡ «ድልድዩ» ብለው እጃቸውን አወጡ። አባላቱም እንደ ልማዳቸው ምን እንደተባለ ሳይሰሙ አወጡ። ጁሀራ ሐሳባቸው ሳይለወጥ ቶሎ ብላ መዘገበችው።

የምክር ቤቱ አባልና የከተማዋ ድንኳን አከራይ ዲኖ ተነሣ። «የመሠረት ድንጋዩ መቼ ይቀመጥ?»

«አይቀመጥም።»

«ሪባንስ?»

«አይቆረጥም። ስምም አይጻፍበትም።»

ዲኖ ደነገጠ። «ኦቦ ቦሩ፣ ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነኝ» አሉ።

ድልድዩ በአምስት ወር አለቀ፤ ባዶ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። ጁሀራ መዝገቡን እንደተከፈተ ትታ ሮጠች። ወንዙ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ልጆቹ ወዲያ ማዶ ተሰብስበዋል፤ ኢህሳንም መካከላቸው አለች። ድልድዩ ላይ ደግሞ ክቡር አፈ ጉባኤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ብቻቸውን ቆመዋል። መሃል ድረስ ሄዱና በሁለት እግራቸው ዘለሉ። አዳመጡ። ደግመው ዘለሉ። ከዚያ ማዶ ተሻግረው ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በእጃቸው ይዘው ማሻገር ጀመሩ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች ጁሀራ፣ ኢህሳንን ስትቀበላቸው።

«ድንጋይ ያልተቀመጠለት ድልድይ ነው፣ በምን ልመነው? ከወደቀም ከእኔ ጋር ይውደቅ።»

ጁሀራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ከወንበሩ እንዲነሣ አላህን ለምናለች። አሁን ግን ዓይኗን ከእሳቸው ላይ መንቀል አቃታት፤ አንድ ነገር እንዳይሆኑ ፈራች። ልጆቹ ሁሉ ተሻግረው አለቁ። «በቃ፣ ይመለሱ! ይመታዎታል፣ ዝናቡ!» ብላ ጮኸች። አልሰሟትም። ድልድዩን እንደገና ሊፈትኑ ወደ መሃል ሄዱ።

ኢህሳንን በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር አቆመቻት። ከዚያ ራሷ ወደ ድልድዩ ገባች፤ የኦቦ ቦሩን ክንድ ያዘችና አብራቸው ሲሚንቶው ላይ ዘለለች።