ዜና ዘመቻ ስለ አንዲት የሳቢሳ ክንፍ

በሦስተኛው የበረዶ ፋብሪካ ዘመን፣ የወደቡ ግንብ በተናደ በአራተኛው ዓመት፣ የኬንዱሁራ ደሴት የአእዋፍ ጠባቂ፣ ባለ አረንጓዴ ቆቡ፣ የፊሽካው ፉጨት ከዳር እስከ ዳር የሚያስደነግጠው፣ ሕዝቡም ሁሉ «ቤይቤ»፣ ማለት ታላቅ ወንድም፣ ብሎ የሚጠራው ነዚም፣ ስለ አንዲት ክንፍ ዘመተ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከዋና ከተማይቱ ከማሌ የመጣችው የአእዋፍ መዝጋቢ ሹዋይና፣ ረጅም እግሩ የረግረጉ ወፍ ሳቢሳ የደሴቶቹ የራሳቸው ዘር መሆኑን፣ አንዱን በእጇ ይዛ ክንፉን ለክታ ካላረጋገጠች፣ ከባሕር ማዶ ዘመዱ ጋር ቀላቅላ «ሞልቷል፤ አያሰጋም» ብላ ልትጽፍ ነው፤ ይህም በተጻፈ ማግስት ረግረጉ በአሸዋ ተደፍኖ የኳስ ሜዳ ይሆን ዘንድ ተቆርጧልና።

ወእምዝ ነዚም ቤይቤ ተነሣ፤ በቀኙ ዓሣ አጥማጁ ኢብራ ከነመረቡ፣ በግራው ጡረተኛው ሙአዚን ከነመሰላሉ፣ በስተኋላም ማንም ያልጠራቸው አሥራ አንድ ድመቶች ተከተሉት። ሦስት ቀን ረግረጉን ከበቡ። መረቡም ሙአዚኑን ሁለት ጊዜ፣ ኢብራን አንድ ጊዜ ማረከ፤ ሳቢሳ ግን አልማረከም።

በወደቡ የገመድ ወንበር ላይ የተሰየሙ ሽማግሌዎችም እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ስማ ነዚም! ወፎቹ ስቀው ሊሞቱልህ ነው፤ ጭቃህን ታጠብና ግባ!» ከዚህ በላይ ግን አንዳች አልተናገሩም፤ በየኩሽናው ጓሮ አንዳንድ ሳቢሳ በእግሩ ታስሮ ዓሣ እየጎረሰ ይኖራልና፣ ወፍ ማሰርም ያስቀጣልና። ከመዝጋቢዋ በቀር ይህን የማያውቅ አልነበረም።

በሦስተኛውም ቀን ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ የሹዋይና ጀልባ ሞተሯን አስነሣች። ያን ጊዜ ነዚም ቤይቤ ወደ ቤቱ ሮጦ፣ በብብቱ አንዲት ሳቢሳ ታቅፎ ተመለሰና ይህን ዐወጀ፦ «ስሙኝ! ይቺ የኔ ናት። እናንተን በፉጨት ሳሳድድ፣ ሰባት ዓመት ከኩሽናዬ ጀርባ ያሰርኳት እኔ ነኝ። በይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሷን ለኪ፤ እኔን በኋላ ትከስሺኛለሽ!»

የኢብራ ሚስትም ከተናደው ግንብ ላይ፦ «አንተ ቀጣፊ! ያኔ የኔን ሳቢሳ አስፈትተህ ሦስት ቀን አስለቅሰኸኝ!» ስትል ዐወጀች፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ሳቀ።

ሳቢሳዋም ለማዳ ነበረችና ክንፏን ዘርግታ ተለካች፣ የመዝጋቢዋንም አውራ ጣት ወጋች። መዝጋቢዋ በደማ ጣቷ «የደሴቶቹ ዘር፤ ለመጥፋት የተቃረበ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ከጠባቂነቱ ተሽሯልና የነዚምን ቆብና ፊሽካ ተረከበች። እርሱም የሳቢሳዋን ገመድ ፈትቶ ለቀቃት።

ነዚም ቤይቤ ባለፈው ረመዳን ዐርፏል፤ ረግረጉ ዛሬም ውሃ እንጂ ኳስ አያውቅም። ክብር የራሱን ስም አጥፍቶ የወፍን ስም ላስጻፈ፣ ከሹማምንት ሁሉ በሽረቱ ለበለጠ ለዚያ ጀግና ይሁን!