የእማዬ ካሴትና የጋሼ ሊቅ ጸጥታ

[ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ እንደገና የተገጠመ አሮጌ ቴፕ አለ። አጠገቡ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ አዲስ የድምፅ መቅረጫ። ጡረተኛው የፊዚክስ መምህርና ታናሽ እህቱ ይነታረካሉ።]

ጋሼ ሊቅ፦ [ወደ መቅረጫዋ ጎንበስ ብሎ] ሙከራ! ሙሉ ስም፣ የመዝገቡን ትተን ቤተሰብ ያወጣልኝ፣ ጋሼ ሊቅ። ዕድሜ፣ ስልሳ።

እታለም፦ ስልሳ ሁለት ነህ።

ጋሼ ሊቅ፦ መሣሪያ እየሞከርኩ ነው እንጂ ለእጮኝነት አልቀረብኩም!

እታለም፦ ገና በአዲስነቷ ውሸት አታስለምዳት ብዬ ነው።

ጋሼ ሊቅ፦ አዳምጪ። አሮጌው ያጫውታል፤ አዲሷ ትቀዳለች። የእማዬ ድምፅ ያለበት ካሴት አርጅቷል፣ ከአንድ ዙር በላይ መቻሉን እንጃ። ስለዚህ ፍጹም ጸጥታ እሻለሁ።

እታለም፦ እኔ የምሻው አንዲት ቃል ናት። እማዬ ስታርፍ ጡት እንኳ አልጣልኩም። የምትጠራኝ ስም ካሴቱ ላይ አለ ብለኸኛል።

ጋሼ ሊቅ፦ አለ። እኔም ልጅ ነበርኩና ስሙን ዘንግቼዋለሁ። አሁን ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ንቀይው፤ ያጉረመርማል።

እታለም፦ ነቀልኩ።

ጋሼ ሊቅ፦ የግድግዳውም ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

እታለም፦ [ባትሪውን አውጥታ] ታዲያ ጊዜውን በምን እናውቃለን?

ጋሼ ሊቅ፦ ሰዓቱ ቆመ እንጂ ጊዜው አልቆመም! ምነው እንዲህ ትተነፍሻለሽ?

እታለም፦ እሱንም ልንቀለው?

ጋሼ ሊቅ፦ በቃ! ውጪና ከበሩ ኋላ ቁሚ።

እታለም፦ እናቴን እኮ ነው የምሰማው፣ ጋሼ!

ጋሼ ሊቅ፦ ከአዲሷ ላይ ጥርት ብላ ትሰሚያታለሽ፤ እስኪሰለችሽ። ሂጂልኝ!

[ትወጣለች። በሩ ይዘጋል። ጥቂት ቆይቶ በሩ ይከፈታል።]

ጋሼ ሊቅ፦ ተሳካ! ነይ፣ ተቀመጪ። እነሆ ሳይንስ!

[መቅረጫዋን ያስጀምራል። ለስላሳ የሴት ድምፅ ይሰማል፦ «ይቺ ልጅ ስትስቅ ቤቱ ይሞቃል። ታዲያ እኔ የምጠራት…» ወዲያው የጋሼ ሊቅ ጩኸት ያምባርቃል፦ «ዝም በይ አልኩ! ከበሩ ኋላ ስትተነፍሺ ይሰማኛል!»]

እታለም፦ ማን ብላ ነው የምትጠራኝ?

[ጋሼ ሊቅ መቅረጫዋን ገልብጦ ያያል።]

እታለም፦ አንተ እዚሁ ነበርክ። ምን አለች?

ጋሼ ሊቅ፦ እኔማ… መቅረጫዋ እንዳትጠፋ መብራቷን እየተከታተልኩ ነበር።

እታለም፦ አይ ሊቁ! ፍሪጁ ዝም፣ ሰዓቱ ዝም፣ እኔ ዝም። ለካ ሶኬት የሌለው አንተ ብቻ ነህ!

ጋሼ ሊቅ፦ [ካሴቱን አውጥቶ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ክሩ ተጨማዷል። ድጋሚ ቢዞር ሊያሰማን ይችላል፤ ሊበጠስም ይችላል።

እታለም፦ ውጣ።

ጋሼ ሊቅ፦ እኔ?

እታለም፦ ከበሩ ኋላ። ስትተነፍስም ቀስ ብለህ።

[ይወጣል። እታለም ካሴቱን መልሳ ትከታለች፤ ጣቷን ቁልፉ ላይ ታሳርፋለች፤ አትጫንም። ጩኸት ያልሸፈነው የእናቷ ድምፅ ያለው እዚያ ክር ላይ ብቻ ነው፤ የራሷም ስም እንደዚሁ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይጫኑት ነበር?]